ሃምሳ ዘጠኝ ትርፍ ጥሪ

ሎርና ፔነር ሦስተኛውን ፕሮግራም ገና ከጅምሩ አልወደደችውም። ሳስካቱን ከተማ ያሉ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት ነው፤ መልኩ ደስ አይልም፣ ሲከፈት ይንቀራፈፋል፣ ሰንጠረዡም በግራጫ ላይ በግራጫ የተጻፈ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ከትልልቅ ኩባንያዎች የመጡ፣ አረንጓዴና ቀይ መብራታቸው ከሩቅ የሚያምር፣ ለአለቃ ለማሳየት የሚመቹ ነበሩ። የሦስቱም ሥራ ግን ያው አንድ ነው፤ በውል የተገባ ቃል መከበር አለመከበሩን እየተከታተሉ መናገር።

ሎርና የምትሠራበት የዊኒፔግ ኩባንያ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድረሱልኝ ቁልፍ ያከራያል። ሰውየው ሲወድቅ ቁልፉን ይጫናል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሣጥን ጥሪውን ትልካለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሌሎች እጅ ነው። አንዱ ድርጅት ጥሪውን ይቀበላል፣ ሌላው አድራሻውን ፈልጎ ያወጣል፣ ሦስተኛው ቅርብ ያለውን ረዳት ይመርጣል፣ አራተኛው ስልክ ይደውላል። አራቱም በየከተማቸው ሆነው በኢንተርኔት ተቀጣጥለው ነው እንደ አንድ ሰው የሚሠሩት፤ አራቱም “በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ መልስ እሰጣለሁ” ብለው ፈርመዋል። አንዱ የዘገየ እንደሆነ የትኛው እንደዘገየ የሚናገር ጠባቂ ያስፈልጋል። ከሦስቱ ጠባቂዎች የቱ እንደሚሻል መርምራ ነጥብ የምትሰጠው ሎርና ነበረች። በዚህ ሥራ አስራ አንድ ዓመት ቆይታለች፤ በቢሮው ውስጥ ነገር የማያመልጠው ማን ነው ቢባል ጣት የሚቀሰረው ወደ እሷ ነው።

አመዛዘኗ ቀላል ነው። የጃንዋሪን ወር ጥሪ በሙሉ ለሦስቱም መገበቻቸው፤ ቆጥረው፣ ለክተው፣ ውሉ ስንት ጊዜ እንደተጣሰ እንዲነግሯት። አንደኛው አራት ሺህ ሁለት መቶ አስራ ሰባት ጥሪ አለ። ሁለተኛውም ልክ እንደዚያው። የሳስካቱኖቹ ግን አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ብሎ ቁጭ አለ።

“መቁጠር እንኳ አይችልም!” አለች ሎርና ለራሷ። በነጥብ መስጫው ሰንጠረዥ ላይ “የቆጠራ ስህተት” ብላ ጻፈች፤ ከአስር ሁለት ሰጠችውና ኮቷን ልታነሳ ተነሣች። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ግን ልማድ አይለቅም። ስህተት ነው ያለችው ነገር ከየት እንደመጣ ሳታይ መሄድ አላስቻላትም፤ ቆማ፣ ኮቷን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ትርፎቹን ሃምሳ ዘጠኝ ጥሪዎች እንዲዘረዝርላት ፕሮግራሙን አዘዘችው።

ሁሉም ከአንድ ቤት ነበሩ። ጃንዋሪ አንድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ አንድ ጥሪ። ጃንዋሪ ሁለት፣ አራት ሰዓት፣ አንድ ጥሪ። ጃንዋሪ ሦስት፣ አራት ሰዓት። ሎርና ገና የቤቱን ቁጥር ሳታይ ማን እንደሆነ አወቀች፤ ሳታስበውም ፈገግ አለች።

ቫልዲ ብያርናሰን የሰማንያ አራት ዓመት አሳ አጥማጅ ነበሩ፤ ከጊምሊ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከሐይቁ ዳር፣ በእንጨት ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ። ባለፈው ኦክቶበር ሎርና አዲሱን የአራት ድርጅቶች ሰንሰለት ስትፈትን፣ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቁልፋቸውን የሚጫኑላት ሦስት ፈቃደኛ አዛውንቶች አስፈልገዋት ነበር። አንዲት የሴልከርክ ባልቴት፣ አንድ የሞርደን ጡረተኛ አስተማሪና ቫልዲ እሺ አሏት። አምቡላንስ በከንቱ እንዳይሮጥ በሦስቱ ስም ላይ “ሙከራ” የሚል ምልክት አደረገች። ምልክት ያለበት ጥሪ በአራቱም እጅ ያልፋል፣ ሰከንዱም ይለካል፤ መጨረሻ ላይ ግን ለማንም ስልክ አይደወልም። በዚያ ፋንታ ሣጥኗ “የሙከራ ጥሪዎ ደርሶናል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን” ትላለች። ድምፁ የሎርና የራሷ ነው፤ ለሦስት ሽማግሌ ብሎ ባለሙያ ተናጋሪ የሚቀጥር የለምና እሷው ቀዳችው።

ሙከራው በኖቬምበር ሲያልቅ ልታመሰግናቸው ደወለችላቸው።

“አለቀ ነው የምትዪኝ?” አሉ ቫልዲ።

“አልቋል። ከእንግዲህ መጫን አይጠበቅብዎትም።”

“ማን ይጠበቅብኛል አለሽ? እኔ እጫናለሁ። ጉድሩን ከሞተችብኝ ወዲህ በጠዋት የሚያመሰግነኝ ያንቺ ሣጥን ብቻ ናት። ልጄ እንኳ ስትደውል ‘መድኃኒትህን ዋጥክ?’ ነው የምትለኝ።”

“እንዴ፣ አቶ ቫልዲ! ምልክቱን ሳነሳው እኮ በየቀኑ አምቡላንስ ነው የሚመጣብዎት።”

“እንግዲያው አታንሺዋ፣ ኤልስካን!”

ኤልስካን በአይስላንድ አያቶቻቸው ቋንቋ “ውዴ” ነው፤ የጊምሊ ሽማግሌ ፖስታ አመላላሹንም፣ የባንክ ጸሐፊዋንም፣ ውሻውንም በዚሁ ነው የሚጠራው። ቢሆንም ሎርናን ደስ አላት። አባቷ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እንዲህ የሚላት ሰው አልነበራትም። “እሺ፣ እስከ ገና ብቻ!” ብላ ሳቀች። “ከገና በኋላ የሦስቱንም ምልክት አንሺ” ብላ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ከኮምፒውተሯ ጥግ ለጠፈችው። ወረቀቱ መቼ ወድቆ መቼ እንደተጠረገ አታውቅም።

አሁን ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋችው። አስራ አምስት፣ አራት ሰዓት። አስራ ስድስት፣ አራት ሰዓት። አስራ ሰባት። አስራ ስምንት።

ከአስራ ስምንት በኋላ ሌላ ቀን አልነበረም። አስራ ስምንት ራሱ ግን አላልቅ አለ። አራት ሰዓት። አራት ሰዓት ከአስራ አራት። ከአስራ አምስት። እንደገና ከአስራ አምስት። ከአስራ ስድስት። አምስት ሰዓት ከሃያ። የመጨረሻው ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ይላል። ሎርና ኮቷን ወንበሩ ላይ ጥላ በጣቷ እየነካች ቆጠረች። የመጀመሪያውን፣ የዘወትሩን፣ ሳይጨምር አርባ አንድ ነበር። በእያንዳንዱ አጠገብ “የአራቱም ውል ተከብሯል” የሚል ተጽፏል። አንዱም እንኳ ከአራት ሰከንድ አላለፈም።

ኮቷ ላይ ተቀመጠች።

ቫልዲ እንዴት እንደሞቱ ታውቅ ነበር፤ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ጃንዋሪ አስራ ስምንት ጠዋት ለምድጃው እንጨት ሊያመጡ በወጥ ቤቱ በር ወጡ፣ ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነበር። በማግስቱ በረዶ ሊጠርግ የመጣ ጎረቤት ነው ያገኛቸው፤ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ እንዳለ። ኩባንያው ለልጃቸው ደብዳቤ ጻፈ፦ “በዕለቱ ከአባትዎ ቤት የተመዘገበ የድረሱልኝ ጥሪ የለም።”

በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ልጃቸው ሩና ደወለች። አባቷ የሎርናን ስም እያነሱ ያወሩላት ስለነበር ሌላ ሰው አላናገረችም።

“አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ” አለች ሩና። “ተጭኖ እናንተ ሳትሰሙት ቀርታችሁ ይሆን? እንደዚያ ሊሆን ይችላል?”

ሎርና የጥሪዎቹን ሰሌዳ ኮምፒውተሯ ላይ ከፈተች። በቫልዲ ስም፣ በጃንዋሪ፣ በኩባንያው በሚታመነው አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ዜሮ ጥሪ ይላል። ምልክቱ በዚያች ሰዓት ትዝ አላላትም።

“አይችልም” አለቻት። “እያንዳንዱን ጥሪ እንከታተላለን። በጣም አዝናለሁ ሩና፤ አባትሽ አልተጫኑም።”

“አውቄው ነበር” አለች ሩና፤ ስልኩንም ዘጋችው።

ያ ንግግር አሁን ቃል በቃል እየመጣ ጆሮዋ ላይ አቃጨለባት። ሎርና መጀመሪያ ያደረገችው የባልቴቷንና የአስተማሪውን ምልክት ማንሳት ነበር፤ የይለፍ ቃሏን ሁለቴ ሳተች። የቫልዲ ስም ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ እምቢ አለ። የሞተ ሰው ምልክት ቢነሳ ባይነሳ ማንን ይረዳል? እንዳለ ተወችው።

ሬይ ቦቨር የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

“አርባ አንድ ጊዜ፣ ሬይ!” አለችው በሩን ከዘጋች በኋላ። “አርባ አንድ ጊዜ ድረሱልኝ አሉ፤ አርባ አንዱንም ጊዜ እኔ አመስግኜ አሰናበትኳቸው።”

“ቆይ፣ ቆይ። ሌሎቹ ሁለቱስ አሁንም ምልክት አለባቸው?”

“አንስቼዋለሁ።”

“ጎሽ። እሱን ጥሩ አድርገሻል።” መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። “አሁን ስሚኝ። ውሉ ምን ይላል? የሙከራ ጥሪ አይቆጠርም ይላል። አራቱ ድርጅቶች የታዘዙትን ሠርተዋል። የፊተኞቹ ሁለት ፕሮግራሞችም በውሉ መሠረት ነው የቆጠሩት። ውሉን ያልተከተለው ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ የጻፍሽው ልክ ነው። የቆጠራ ስህተት።”

“ሰው ሞቷል ነው የምልህ።”

“ሰው መሞቱንማ እኔም አውቃለሁ!” ድምፁ ከፍ አለ፤ መልሶ ዝቅ አደረገው። “ለጠበቆቹ እነግራለሁ። ዛሬውኑ እነግራለሁ። እስከዚያ ግን ለልጅቷ እንዳትደውዪ፣ እንዳትጽፊ። ደብዳቤ ልከንላታል እኮ፤ አሁን ዞረን ‘የለም፣ ተመዝግቧል’ ብንላት ምን ይፈይድላታል? ቁስሏን መቆስቆስ ነው።”

“አባቷ ሊሞቱባት ፈልገው የሞቱ ነው የሚመስላት። እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ። በዚህ አፌ።”

“ሎርና። እንደ ወንድም ልንገርሽ። ጡረታሽ ስድስት ዓመት ቀርቶታል። ነገሩን ለሚመለከተው ተይው።”

የሚመለከተው ማን እንደሆነ አራቱ ድርጅቶችና ሁለቱ ያማሩ ፕሮግራሞች ተባብረው ሊነግሯት አልቻሉም፤ እያንዳንዳቸው የድርሻቸውን በሰዓቱ ሠርተው እጃቸውን ታጥበዋል። ወደ ወንበሯ ተመልሳ “የቆጠራ ስህተት” የሚለውን አጠፋችው። ቦታውን ባዶ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን አስነሥታ ወደ ሰሜን ነዳች። ሐይቁ ገና አልቀለጠም፤ አሳ አጥማጆቹ የበረዶ ላይ ጎጆዎቻቸውን በትራክተር እየጎተቱ ያወጡ ነበር። የምትናገረውን በመንገድ ላይ አሥር ጊዜ ደገመችው። አጭር ነበር፦ ተጭነው ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቺን ለማለት ትንፋሽ እንኳ አይፈጅም።

ሩና በሩን የከፈተችው የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር በእጇ ይዛ ነው። ሃምሳ ያለፋት፣ እንደ አባቷ ትከሻዋ ሰፊ፣ ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሴት ነበረች። ብራንደን ከተማ ነው የምትኖረው፤ የአባቷን ቤት ልታስረክብ ነው የመጣችው።

“ሎርና ነኝ። በስልክ...”

“ድምፅሽን አወቅሁት። ሣጥኗን ልትወስጂ ነው አይደል? መልሱ ብላችሁ ሁለቴ ጽፋችሁልኛል።”

ሎርና አፏን ከፈተች። “እሱም... አዎ” አለች፤ አሥር ጊዜ የደገመችውን ትታ።

“ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ። ሻይ አለ። ከቀብሩ የተረፈም ኬክ ፍሪዘር ውስጥ ሞልቷል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሃያ ሰው የሚሞት መስሏቸው ነው የጋገሩት።”

ወጥ ቤቱ ተራቁቷል። የቀሩት ጠረጴዛው፣ ሁለት ወንበሮች፣ መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው ነጭ ሣጥንና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የአሳ አጥማጆች ማኅበር የቀን መቁጠሪያ ነበሩ። የቀን መቁጠሪያው ጃንዋሪ ላይ ቆሟል። የኋላው በር ከጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ሎርና በሩን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች።

“አባዬ ‘የቁጥር ሰው ናት’ ይልሽ ነበር” አለች ሩና፤ ሻዩን ቀድታ ወደ ቀን መቁጠሪያው ጠቆመች። “ይሄ ምንድን ነው?”

በእያንዳንዱ ቀን ሳጥን ውስጥ በእርሳስ አንድ ቁጥር ተጽፏል። ሦስት። ሦስት። አራት። ሦስት።

“የደም ግፊት ነው እንዳልል አነሰ። አሳ ነው እንዳልል መረብ ከጣለ ስድስት ዓመቱ። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ጽፏል፤ አየሽ? አስራ ስምንት፣ ሦስት።”

ሎርና ገና ስታየው ገባት። ሰከንዶቹ ናቸው። ሽማግሌው በየጠዋቱ ቁልፉን ተጭነው፣ በእጅ ሰዓታቸው እየለኩ፣ ሣጥኗ እስክታመሰግናቸው ስንት ሰከንድ እንደፈጀች ይጽፉላት ነበር። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ውል፣ ከሁለቱ ያማሩ ፕሮግራሞች አብልጠው ሥራዋን ሲሠሩላት ከርመዋል። ልንገራት፣ አሁን ልንገራት አለች በልቧ። ሻዩን አነሳችና ሳትጠጣው መልሳ አስቀመጠችው።

ሩና ተቀመጠች። “ታውቂያለሽ? በቀብሩ ላይ ፓስተሩ ‘ልጁ ትናገር’ ሲል አልተነሣሁም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ልበል? ቁልፉ አንገቱ ላይ ነበር እኮ! በሆዱ ተኝቶ አይደለ፣ እጁ አልተሰበረ። ዶክተሩ ብዙ ሰዓት በሕይወት ቆይቷል ነው ያለኝ። ብዙ ሰዓት! ጣቱን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረው።”

“ሩና...”

“‘ሰው አስቸግሬ አልሞትም’ ይል ነበር ሁልጊዜ። ይበል፤ ለሌላው አያስቸግር። ለእኔ ሲል አንዴ አይጫንም? እኔ በየቀኑ እየደወልኩ ‘መድኃኒትህን ዋጥክ፣ ምሳ በላህ’ ስለው የከረምኩት... አስጠልቼው ይሆናል። ተኝቶ ሰማይ ሰማዩን እያየ፣ ልጄን ከማናግራት ልሙት ብሎ ይሆናል። ይሄን ነው ማታ ማታ የማስበው።”

“እንደዚያ አይደለም” አለች ሎርና በቀስታ።

ሩና አልሰማቻትም። ተነሥታ ከመሳቢያው ቁልፉን ከነማንጠልጠያው አወጣች። ማንጠልጠያው በአንገት ወዝ የጠቆረ ጥቁር ገመድ ነበር። “በይ፣ ሣጥኗን ከመንቀልሽ በፊት አንዴ ልጫነው” አለች። “እሱ ያልነካውን እኔ ልንካው።”

“ቆይ! ሩና፣ እባክሽ ቆይ...”

ተጫነችው።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ነጯ ሣጥን በጥሩ፣ በለዘበ፣ ፈገግታ ባለበት የሴት ድምፅ ተናገረች፦ “የሙከራ ጥሪዎ ደርሶናል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።”

ሩና ሣጥኗን አየች። ቀስ ብላ ዞራ ሎርናን አየች።

“ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው” አለች። “የምን ሙከራ?”

ያን ጊዜ ሎርና ተናገረች። አላሳመረችውም፣ አላሳጠረችውም። ስለ ሦስቱ አዛውንቶች፣ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ገና፣ ስለ ብጣሿ ወረቀት ነገረቻት። ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ነገረቻት። በስልክ “አልተጫኑም” ስትላት አረንጓዴ ሰሌዳ አይታ እንጂ አጣርታ እንዳልነበረ ነገረቻት። አለቃዋ እንዳትነግሪ እንዳላትም ሳትደብቅ ተናገረች፤ እሷ ራሷም እዚህ ደርሳ ሣጥኗን ልወስድ ነው የመጣሁት ብላ እንደዋሸች ጨመረች። ሩና ቆማ ሰማቻት፤ አላቋረጠቻትም።

“ተጭኗል” አለች በመጨረሻ።

“ተጭነዋል።”

“ስንት ጊዜ?”

“አርባ አንድ።”

“እስከ ስንት ሰዓት?”

“እስከ ሰባት ሰዓት ከሃምሳ።”

ሩና በጣቷ እየቆጠረች አሰበች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። “በሩ ክፍት ነበር” አለች ለራሷ እንደምታወራ። ቀና ብላ “ድምፅሽን ይሰማው ነበር?” አለች።

ሎርና “እንጃ” ማለት ትችል ነበር። ማንም አላየ፣ ማንም አይመሰክር። በጀርባዋ በኩል ያለውን በር ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየችው፤ ከሣጥኗ እስከ ደረጃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ዓይኗ ለካው።

“አዎ” አለች። “ይሰሙ ነበር።”

ሩና ወደ ቀን መቁጠሪያው ሄዳ አስራ ስምንት ላይ የተጻፈችውን ሦስት በአውራ ጣቷ ዳበሰቻት፤ እርሳሱ በትንሹ ደበዘዘ። ጣቷን በፍጥነት አነሣች። ተመልሳ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠችና ቁልፉን በሁለት እጇ ያዘችው። ሎርና ልትሄድ ኮቷን ስትፈልግ አየቻት።

“የት ነው? ቁጭ በይ!”

ሎርና ቁጭ አለች።

ሩና ተጫነች። “የሙከራ ጥሪዎ ደርሶናል” አለ የሎርና ድምፅ። “ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።”

“ሁለት” አለች ሩና፤ እንደገና ተጫነች።

ሻዩ በረደ። ውጭ ሐይቁ ላይ ትራክተር እያጓራ አለፈ። አስራ ሰባተኛው ላይ ሩና እንባዋ ዱብ ዱብ ይል ጀመር፤ “ጠርተኸኛላ፣ አባዬ!” አለች፣ “ጠርተኸኛላ!”፤ ጣቷን ግን ከቁልፉ ላይ አላነሣችም። ሎርናም እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች፣ በገዛ ድምጿ ስትመሰገን እየሰማች፣ አብራት እስከ አርባ አንድ ቆጠረች።